የአያ ታከለ አውራ ጣት

«አንችን ደግሞ ማን ይወስድሻል?» አለችኝ እትየ ውዴ። ደጃፋችን ላይ ቆማ፣ ታናሽ ወንድሜን ማስረሻን በጀርባዋ አዝላ፣ ዓይኗን ከዓይኔ ሳታነሳ ነበር ያለችኝ። «እሱስ ሕፃን ነው፣ የትም ቤት ይገባል። አንች ግን ምላስሽ ከቁመትሽ ቀድሞ አድጓል።»

እትየ ውዴ የአባቴ ታላቅ ወንድም የአያ ታከለ ሚስት ነበረች። እኔም ዝም አላልኩም፤ «እኔና ማስረሻ አንለያይም፣ የሚወስደን ሁለታችንንም ይወስዳል» ብዬ መለስኩላት። እሷ ልጁን በጀርባዋ ላይ ወደ ላይ ገፋ አድርጋ አስተካከለችና፣ «እሱን ዘመድ ሲሰበሰብ ትነግሪያቸዋለሽ» ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ዛሬም የክረምቱ የመጀመሪያ ዶፍ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ስሰማ፣ ከዝናቡ ድምፅ ጋር ተያይዞ የሚመጣብኝ ያ ንግግር ነው፤ ገና ያልተወሰነብኝ ልጅ ሆኜ ቁጭ እላለሁ።

ቤታችን ከወረታ ወደ ጣና በሚወርደው ሜዳ ጠርዝ ላይ፣ መሬቱ ትንሽ ጉብ ከሚልበት ቦታ ነበረች። ርብ ሲሞላ ሜዳው ጠፍቶ ባሕር ይሆን ነበር፤ ትናንት ከብት ሲግጥበት በዋለው ቦታ ላይ ሰው በታንኳ ይሄዳል፣ ከአጥሩ ጫፉ ብቻ ይታያል፣ የእንቁራሪቱ ጩኸት ሰው አያደማምጥም። አያ ታከለና እትየ ውዴ ታች ቁሐር ሚካኤል ስለሚኖሩ ውሃው ግቢያቸው ድረስ ይገባባቸው ነበር፤ ስለዚህ በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ከብቶቻቸውን እየነዱ፣ እህላቸውን ተሸክመው ወደ እኛ ይወጡና፣ መስከረም እስኪጋመስ አብረውን ይከርሙ ነበር። አባቴ በነበረ ጊዜ ያ ወቅት የጨዋታ ወቅት ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች ከጋጡ አጠገብ ተቀምጠው ገመድ እየገመዱ ስለ በሬ ያወጉ ነበር፤ አያ ታከለ ዝምተኛ ስለሆነ አባቴ ያወራል፣ እሱ ራሱን ይነቀንቃል፤ እትየ ውዴ ደግሞ ከዳር ሆና ባሏ መመለስ የነበረበትን ትመልስለት ነበር።

በዚያ ዓመት ግን አባቴ አልነበረም። በጋው ላይ ገበሬ ማኅበሩ ለሚሊሽያ ሰው ሲመለምል ተራው የእኛ ቤት ነው ተባለና፣ ከወረታ በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ሰሜን ዘመተ። እናቴ ማስረሻን ወልዳ ከአራስ ቤት ሳትወጣ ሞታለች፤ ስሙም የወጣለት ሐዘኑን ያስረሳን ተብሎ ነው። ስለዚህ ልጁን የማዝለው፣ የማጎርሰው፣ ሲያለቅስ የማባብለው እኔ ነበርኩ። ያን ጊዜ አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ እሱ ገና ሱሪ አልታጠቀም። ሰኔ ላይ ከአባቴ ጋር የዘመተ አንድ የአገራችን ሰው ክንዱን ቆስሎ ተመለሰና የአባቴን ሞት ተናገረ። አስከሬን የለም፣ መቃብር የለም፣ ለቅሶው በዝናብ ውስጥ ተለቀሰ፣ አልቃሾቹም ጭቃው እያንሸራተታቸው እርስ በርሳቸው እየተደጋገፉ ሄዱ።

ለቅሶው ሳይበርድ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር መጣ። ጠብመንጃውን ከጉልበቱ ላይ አጋድሞ መደቡ ላይ ተቀመጠና፣ ከስብሰባ በተማረው አነጋገር ነገሩን አስረዳ። መሬቱ ያለ ባለቤት አይቀመጥም፣ ልጆቹም ያለ አሳዳጊ አይቀመጡም። የመሬት ሽግሽጉ ሲደርስ መሬት የሚሰጠው በቤተሰብ ብዛት ነው፣ ልጆቹን የወሰደ ሰው እንደ ቤተሰቡ ይቆጠሩለታል፣ የሟቹም ማሳ ከነሱ ጋር ይሄዳል። «ይህን ፍርድ ሸንጎው ቢወስነው ሁለቱም ወገን ያኮርፋል» አለ። «ስለዚህ የአባትም የእናትም ዘመድ ተሰብስቦ ራሱ መክሮ ይወስን። ካልተስማማችሁ ግን እኔ ምን አደርጋለሁ፣ ልጆቹን አውራጃ ወስጄ ለመንግሥት ማሳደጊያ አስረክባለሁ።»

«የእናታቸው ወንድም ሐሙሲት ነው ያለው» አለች እትየ ውዴ። «በዚህ ውሃ እንዴት ይመጣል?»

«ውሃው ሲጎድል ይመጣል» አለ ሊቀመንበሩ።

እንግዲህ ያን ክረምት ሙሉ ውሃውን ስጠብቅ ከረምኩ። ሌላው ሰው ውሃው ቶሎ ጎድሎ ሽምብራና ጓያ የሚዘራበት ቀን እንዲደርስለት ሲመኝ፣ እኔ ጠዋት ጠዋት ከአጥሩ ሥር ቆሜ ውሃው የት እንደደረሰ አይና፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ሳገኘው እፎይ እል ነበር። ዝናቡ ያባራ ዕለት እህል አይወርድልኝም ነበር። ከእኔ ጋር ውሃ የምትቀዳ የጎረቤት ልጅ ስለ ማሳደጊያው የሰማችውን ሁሉ ትነግረኝ ነበር፤ በመኪና ጭነው ይወስዷችኋል፣ ፀጉራችሁን ይላጫሉ፣ ወንዱን ለብቻ ሴቷን ለብቻ ያስተኛሉ ትለኛለች፤ «ማን ነገረሽ?» ስላት «ሁሉም ያውቀዋል» ትለኝ ነበር። ከሌላው ሁሉ ይልቅ ወንዱን ለብቻ ያለችው ነበር ከውስጤ የማይወጣው።

ቤት ስገባ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ይጠብቀኝ ነበር። እትየ ውዴ መካን ነበረች። በየጠበሉ ዞራለች፣ ጣራ ገዳም ድረስ ተስላ ሄዳለች፣ አልሆነላትም። ማስረሻን ስታገኝ እጇ ራሱ ሌላ እጅ ይሆን ነበር፤ ለኔ ትከሻዬን በጣቷ ገፍታ የምታሳልፈኝ ሴት፣ እሱን ስታጎርስ ጣቶቿን ሰብሰብ አድርጋ፣ እንዳይተናነቀው እያየች፣ አፉን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ነበር። መጀመሪያ ላይ ልጁ የሚተኛው ከኔ ጋር ነበር፤ ዝናቡ ሲጠናና ብርዱ ሲብስ ግን እሷ ጋቢዋን ገለጥ አድርጋ «ና እስቲ» ትለዋለች፣ እሱም ሳያመነታ ይሄዳል። አንድ ቀን እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ «እማ፣ ውሃ» አላት። እኔ ወዲያው «እማ አይደለችም፣ እትየ ናት። እማ ሞታለች» አልኩት። እትየ ውዴ ውሃውን ቀድታ ሰጠችው፣ ግማሹን ግን አመዱ ላይ ደፋችው። ደጃፉ ላይ «ማን ይወስድሻል» ያለችኝም በነጋታው ነው።

መስከረም ሲብት ውሃው አታለለኝ። አንድ ሰሞን ቆሞ ቆየና፣ ከዚያ በየቀኑ ወደ ኋላ እየሸሸ፣ ጥቁሩን ጭቃ እያጋለጠ ወደ ጣና ተመለሰ። ሜዳው ላይ የዓሣና የበሰበሰ ሣር ሽታ ነገሠ፤ ልጆቹ በየጉድጓዱ የቀረ አምባዛ በእጃቸው እየያዙ ይጯጯሁ ነበር። እኔም ማስረሻን አዝዬ ከዳር ቆሜ አይ ነበር፣ ያን ዓመት ግን ጭቃው ውስጥ አልገባሁም። አያ ታከለ ጭቃው እግር መሸከም እንደጀመረ ወርዶ ሽምብራውን ዘራ፤ ሲመለስ «ቤቱ ደህና ነው፣ ግድግዳው ብቻ ምርጊት ይፈልጋል» አለ። እትየ ውዴም «እንግዲህ ከጉባኤው በኋላ እንወርዳለን» አለች፣ «እንወርዳለን» ስትል ደግሞ ማስረሻን እያየች ነበር።

ጉባኤ ሲባል ምን እንደሚደረግ አውቅ ነበር። በእኛ አገር ሰው የሌላ ሰው ልጅ ወስዶ የራሱ ሊያደርግ ሲፈልግ፣ በሽማግሌና በቄስ ፊት አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ለልጁ ያጠባዋል፣ ይምላል፣ ከዚያ ወዲያ ያን ልጅ ያንተ አይደለም የሚለው ሰው አይኖርም፤ የጡት ልጅ ይባላል። ልጁ ካልጠባ ግን አልሆነም ማለት ነው፤ በግድ አፉን ፈልቅቆ የሚያጠባ የለም። ይህን ሳስብ አንድ መላ ታየኝና ማስረሻን ከጎተራው ጀርባ እየወሰድኩ ማለማመድ ጀመርኩ። አውራ ጣቴን አፉ ላይ አድርጌ «ግጠም» እለዋለሁ፣ እሱ ከንፈሩን አጥብቆ ይገጥማል፣ ጉንጩ ይነፋል፣ ከዚያ ይስቃል። «አያ ታከለ እንዲህ ሲያደርግህስ?» እለዋለሁ፣ «እገጥማለሁ» ይለኛል። «ማር ቢሆንስ?» «እገጥማለሁ።» ጎበዝ ነበር፤ አንድም ቀን አልተሳሳተም። ይሁን እንጂ ማር ስላልነበረኝ የማለማምደው በደረቅ ጣት ነበር።

ጉባኤው ጥቅምት ላይ፣ ማር የተቆረጠ ሰሞን ተደረገ። የእናቴ ወንድም አያ ሞላ ከሐሙሲት ጥላውን ይዞ፣ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ በጭቃው መጣ፤ የአባቴ ነፍስ አባት መምሬ ይርጋ መጡ፤ ሌሎችም የቅርብና የሩቅ ዘመዶች መጥተው የአባቴ ወገን በቀኝ መደብ፣ የእናቴ ወገን በግራ መደብ ተቀመጠ። ሊቀመንበሩም መጥቶ ቆሞ ተናገረ። «እኔ ከዘመዱ አይደለሁም፣ በመሐላችሁ አልገባም። ዋርካው ሥር እቀመጣለሁ፣ ስትጨርሱ ጥሩኝ። ሳትጨርሱ ግን አትጥሩኝ» ብሎ ወጣ።

አያ ታከለ እኔንና ማስረሻን በእጁ ወደ ደጅ ሲያመለክተን መምሬ ይርጋ አስቆሙት።

«የት ልትሰዳቸው ነው?»

«ልጆች ናቸው፣ ምን ያውቃሉ ብዬ ነው መምሬ።»

«ስለ በሬ ሲመከር በሬው አይጠራም፣ ምክንያቱም አይሰማም። እነዚህ ይሰማሉ። ይቀመጡ» አሉ። ምሰሶው ሥር ተቀመጥን፤ ማስረሻን እጭኔ ላይ አስቀምጬ በሁለት እጄ ያዝኩት።

መጀመሪያ የተናገረው አያ ሞላ ነበር። ቀልደኛ ሰው ነው፣ ነገር ሲጀምር ጉሮሮውን ጠርጎ ፈገግ ይላል። «እኔ ነገር አላረዝምም» አለ። «የሺ የእህቴ ልጅ ናት፣ ሐሙሲት እወስዳታለሁ። ሚስቴ መንገድ ዳር ጠላ ትሸጣለች፣ ትረዳታለች፣ ትምህርት ቤትም ቅርብ ነው። ወንዱ ደግሞ የአባቱን ማሳ ይዞ እዚሁ ከአባቱ ወገን ይቅር። እናንተም አትከፉ፣ እኛም አንከፋ።»

ከሁለቱም መደብ «ደግ ብሏል፣ ደግ ብሏል» የሚል ድምፅ ተሰማ። በቃ፤ ጠላው ገና አልተቀዳም፣ እኔና ማስረሻ መሐል ድንበር ተበጅቷል። ተነስቼ ቆምኩ።

«እኔ አልሄድም» አልኩ።

«ተቀመጭ አንች» አለ አንዱ ከቀኝ መደብ።

«አይ፣ ትናገር» አሉ መምሬ ይርጋ። «ምን ትያለሽ?»

«አንለያይም። ሐሙሲት ከሆነም ሁለታችን፣ ቁሐርም ከሆነ ሁለታችን። ማሳደጊያም ከሆነ ሁለታችን።»

አያ ሞላ ሳቀ። «ይህች የእህቴ ልጅ መሆኗን ምስክር አትጥሩ። እናቷም እንዲሁ ነበረች፤ ለጋብቻ የመጡትን ሽማግሎች ጓዳ ሆና ‹ልጁ ያርሳል ወይስ ወሬ ያወራል› ብላ የጠየቀች ናት። አባቴ በኀፍረት ሦስት ገበያ ቀረ።» ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም፣ ሳቁ መልስ አልነበረምና ቆሜ ጠበቅሁ። አያ ሞላም ቆሜ መቅረቴን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የኔ ልጅ፣ እኔ ቤት ውስጥ የሚርመሰመሱትን መጥተሽ ብታይ ሁለተኛ ጨምርልኝ አትይኝም ነበር» አለኝ። አውቆ ሊጎዳኝ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ግን ያ መንገድ ተዘጋ።

መምሬ ይርጋ ወደ አያ ታከለ ዞሩ። «አንተስ ታከለ፣ ሁለቱን ትችላለህ?»

አያ ታከለ እጁን አሸ፣ ወደ ጓዳው በር አየ። እትየ ውዴ እዚያ ቆማ ነበር። «ልጁን እንወስዳለን መምሬ። ቤት ውስጥ... ቤት ውስጥ የምታውቀው እሷ ናት።»

«እኔ የምችለው አንድ ነው» አለች እትየ ውዴ ከበሩ ሆና፣ ማንንም ሳታይ።

ስለዚህ ማሩ ይምጣ ተባለ። እትየ ውዴ አዲሱን ማር በቅል አመጣችው፤ ነጭ ነበር፣ የአደይ ማር፣ ሽታው ቤቱን ሞላው። ማስረሻን ከእቅፌ ሊወስዱት ሲመጡ በጆሮው «ግጠም» አልኩት። ራሱን ነቀነቀልኝ። ሄዶም ከአያ ታከለ ጉልበቶች መሐል ቆመ፣ ዞሮም አየኝ፤ እኔ ከንፈሬን አጥብቄ ገጥሜ አሳየሁት፣ እሱም ገጠመ። አያ ታከለ አውራ ጣቱን ቅሉ ውስጥ ነክሮ አወጣው፤ ያ ከሞፈር ጋር ሲታገል የኖረ ወፍራም ጣት እስከ ሥሩ በማር ተጠቅልሎ፣ ማሩ ወደ አንጓው እየወረደ፣ ከልጁ አፍ አጠገብ ቆመ። ማስረሻ እኔን አየ፣ ጣቱን አየ፣ እንደገና እኔን አየ። ከዚያ አፉን ከፍቶ ጣቱን ሙሉውን ጎረሰው።

ሲጠባ ድምፅ ነበረው። በሁለት እጁ የአጎቱን እጅ ጨብጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጠባ፤ ጨርሶ ሲያወጣው አንጓው ላይ የወረደውንም ላሰና «ጨምርልኝ» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ መምሬ ይርጋም በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። አያ ታከለ አልሳቀም፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ «ከዛሬ ጀምሮ ከአብራኬ እንደወጣ ልጄ ነው፣ ስኖር አሳድገዋለሁ፣ ስሞት ይቀብረኛል» ብሎ ማለ። እኔ ምሰሶውን ተደግፌ ቆሜ ነበር።

እዚህ ላይ የሆነው ነገር በአንድ እስትንፋስ ውስጥ ያለቀ ነው። ልጁ ጨምርልኝ ስላለው አያ ታከለ በደስታ ጣቱን እንደገና ቅሉ ውስጥ ነከረ። ሆኖም ጣቱን አውጥቶ ከመዘርጋቱ በፊት እትየ ውዴ እልልታዋን እያቀለጠች መጥታ ማስረሻን ከፍ አድርጋ ወሰደችውና፣ ሁለተኛው ማር ተቀባይ አጥቶ ከነጣቱ አየር ላይ ቀረ። እኔ ያ ጣት ሲንጠለጠል አየሁ። ማንም ምንም ሳይለኝ፣ እኔም ምንም ሳላስብ፣ ሄጄ በጉልበቴ ተንበረከኩና ጣቱን ጎረስኩት። ከማሩ ሥር የገመድና የላብ ጣዕም ነበረው። እስኪያልቅ ጠባሁት።

እልልታው መሐል ላይ ተቆረጠ።

«ምን አደረገች?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ጠባች» አለ አያ ሞላ።

ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገር ጀመር። «ጨዋታ ነው»፣ «አልማለላትም»፣ «ማሩ የልጁ ነበር፣ እሷ ሰርቃ ነው»፣ «የጠባ ጠባ ነው፣ ማሩ ምን ስም አለው»። መምሬ ይርጋ እጃቸውን አንስተው ሁሉንም ዝም አሰኙ። እኔ እንደተንበረከክሁ ነበርኩ፤ አፌ ጣፍጦኛል።

«ታከለ» አሉ። «ስትጠባ ጣትህን ሳብክ?»

አያ ታከለ ጣቱን አየ። «አልሳብኩም።»

«ስለምን?»

«ትነክሰኛለች ብዬ ፈራሁ መምሬ።»

ሳቁ እንደገና ሊነሳ ሲል መምሬ ይርጋ ፊታቸውን ከበድ አደረጉ። «እንግዲህ አሁን ጣትህ ነፃ ነው። ይህች ልጅ በእኛ ፊት ጠብታለች፣ አንተ አልማልክም፤ ግማሹ ሆኗል፣ ግማሹ ያንተ ነው። ወይ መሐላውን ድገም፣ ወይ እጅህን ታጠብ። ሌላ ሰው አይመልስልህም።»

አያ ታከለ ግን ወደ ሚስቱ አየ፤ በሕይወቱ ሙሉ የሚያየው ወደ እሷ ነበር። እትየ ውዴ ማስረሻን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ቆማለች፣ ልጁ ጣቶቹን ይልሳል። ስትናገር ድምጿ የቁጣ አልነበረም፣ እኔም እንዲያ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር።

«መምሬ፣ ክፉ ሴት ነች በሉኝ። ይህች ልጅ እኔን አትፈልገኝም፣ እኔም ለምግቧ ብዬ አይደለም። እሷ ቤቴ እያለች ይህ ልጅ አንድ ቀን እናቴ አይለኝም። በተናገረ ቁጥር ታርመዋለች። ስንት ዓመት ነው የጠበቅሁት?»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ነበር የተናገረችው፣ ሲነገር ግን ማንም ሰምቶት አያውቅም ነበር። መምሬ ይርጋ ወደ እኔ ዞረው «ሰማሽ?» አሉኝ።

ሰምቻለሁ። ያን ቀን እሳት ዳር ያልኩት ቃል ውሃውን እንዴት እንዳስደፋት አይቼ ነበር። ዞሬ ፊቷን እያየሁ፣ «እማ ይበልሽ። እኔ አላርመውም» አልኳት። ከዚያ ደግሞ ያልሆነውን መናገር ስለማልችል፣ «እኔ ግን አልልሽም» ብዬ ጨመርኩ።

«ወይ ጉድ፣ አሁን ይህን ምን አስጨመራት» አለ አያ ሞላ ለራሱ።

እትየ ውዴ አየችኝ። ማስረሻ ከእቅፏ ሆኖ «የሺ፣ ማር ጠባሽ?» አለኝ፣ «ጠባሁ» አልኩት። እሷ ሁለታችንንም አየች፣ እሺም አላለች፣ እምቢም አላለች፤ ቅሉን በክዳኑ ከድና ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። አያ ታከለ በሩን እያየ ቆየ። ከዚያ፣ እስከዚያ ቀን እሷ ሳትነግረው አንድ ነገር ሲያደርግ አይቼው የማላውቀው ሰው፣ ማር የነካውን እጁን ራሴ ላይ አደረገና፣ ቃሉን ቀስ እያለ፣ አንዱን ሳይዘልል ደገመው። ፀጉሬ ተጣበቀ።

ሊቀመንበሩ ተጠራ። በሩ ላይ ቆሞ «ተስማማችሁ?» አለ።

«ሁለቱም ለታከለ» አሉ መምሬ ይርጋ።

«የእናት ወገንስ?»

«ተስማምተናል» አለ አያ ሞላ። «እኛ ተቀምጠን ሳለ ልጅቷ ወሰነችው እንጂ፣ ተስማምተናል።» ሊቀመንበሩ ሳይገባው ራሱን ነቀነቀ፤ ጠላው ተቀዳ፣ ዘመዱም ጠጥቶ እየመረቀ ተነሳ። አያ ሞላ ሲሄድ ጥላውን ከፍቶ ዘጋና፣ «ሐሙሲት መንገድ ዳር ነው፣ ቤቱ አይጠፋሽም» አለኝ።

ፀሐዩ ሳያዘቀዝቅ ወደ ቁሐር ለመውረድ ዕቃው ተሰናዳ። አያ ታከለ በሬዎቹን አስቀድሞ ነዳ፤ የእኛም ሁለት በሬዎችና ላማችን ከነሱ ጋር ተቀላቅለው፣ በኋላቸው ጭቃ እየረጩ ሄዱ። መደቡን ጠረግሁ፣ እሳቱን በአመድ ዳፈንኩ፣ ከዚያ እሳቱን የሚጠብቅ ሰው እንደማይኖር ትዝ ሲለኝ ውሃ አፈሰስኩበት። ስወጣ እትየ ውዴ ማስረሻን አዝላ፣ ጋቢውን ደረቷ ላይ ቋጥራ፣ ግቢው መሐል ቆማ ነበር። ልጁ ተኝቷል፣ ጉንጩ ትከሻዋ ላይ ተጨፍልቋል። አላየችኝም። የላሟ ጥጃ ከችካሉ እንደታሰረ ይቧጥጥ ነበር።

«ከመጣሽማ» አለች ወደ መንገዱ እያየች፣ «ጥጃውን ያዥ። እናቱን ሳያይ አይሄድም፣ ከፊቴ አድርጊው።»

ገመዱን ከችካሉ ፈታሁና እጄ ላይ ጠመጠምኩት። ጥጃው ወደ ኋላ ሳበኝ፣ እኔም ሳብኩት፤ ከእሷ አለፍኩና ከግቢው ወጣሁ።